ደረጃ መውጣት ላቃተው የላይኛው ሸንጎ

ለክቡር አቶ ሰረቀብርሃን
በኦክላንድ የኅብር መረዳጃ ማኅበር የመሥራቾች ሸንጎ ሊቀ መንበር፣
በእርስዎም በኩል ለተከበሩት የሸንጎው አባላት በሙሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ሁኔታ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ከካስትሮ ቫሊ ድረስ ሲነዱ ወገብዎን ይይዝዎት የነበረው ነገር ለቀቀዎት? የተከበሩት የሸንጎው አባላትስ ስኳራቸው፣ ደም ግፊታቸው፣ ዓይናቸው እንዴት ሰነበተ? ዕድሜያችሁን እንዲያረዝምላችሁ ዘወትር እንጸልያለን። ሸንጎአችሁ ከሞት በቀር መውጫ በር የሌለው ስለሆነ፣ ስለ ዕድሜያችሁ ስንጸልይ ምን እየለመንን እንደሆነ ጠንቅቀን እናውቃለን፤ እንዲያም ሆኖ እንጸልያለን።

እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስሜ መንበረ ማንደፍሮ ይባላል። በአዳራሹ ውስጥ ለሠላሳ ሦስት ዓመት ወንበር ስደረድርና ስሰበስብ ስላዩኝ ሳያውቁኝ አይቀሩም፤ ከወንበሮቹ ለይተው ካላወቁኝ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እንደ እነርሱ ዝም ብዬ ኖሬአለሁና። ሥራዬ ሬድውድ ሲቲ ውስጥ ቢሮ ማጽዳት ነበር። በየጠረጴዛው የተከመረውን ወረቀት አንሥቼ አቧራውን እጠርግና እንደነበረ መልሼ አስቀምጠው ነበር፤ ወረቀቱ ስለ ሠርግ ይሁን ስለ ጦርነት ግን አላውቅም፤ እንግሊዝኛውን ብቻ ሳይሆን አማርኛውንም አላነብም ነበርና። ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ስድስት ዓመቴ፣ በእኛው አዳራሽ ፎቅ ላይ ባለው ክፍል፣ በቅዳሜው የንባብ ትምህርት ነው። ዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ይህም በገዛ እጄ የጻፍኩት የመጀመሪያው ረጅም ደብዳቤ ነው። መጀመሪያ ለልጄ ልጅ ለዮርዲ ልጽፍላት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እሷ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም፤ ስለዚህ ክብሩ ለእርስዎ ተረፈ። አስተማሪያችን ወንጌላዊት በኮምፒውተር ገልብጣልኝ፣ እኔም እንደ ሸንጎው ልማድ በአዳራሹ በር ላይ ለጠፍኩት፤ ልዩነቱ የእናንተ ማስታወቂያ የሚለጠፈው ነገሩ ካለቀ በኋላ ሲሆን የእኔው ግን ሳያልቅ መለጠፉ ነው።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና በሩ ላይ የሚያነቡት በቅርቡ በዲቪ የመጡ ልጆችም ስላሉ፣ እንዳይደናገሩ ስለ ማኅበራችን አስተዳደር ጥቂት ላስረዳ። ማኅበራችን እንደ ትልቅ አገር ሁለት ምክር ቤት አለው። አንደኛው የአባላት ጉባኤ ይባላል፤ በዚህ ውስጥ ሁላችንም አለን፣ እጅ እያወጣን እንመርጣለን፣ እንወስናለን፣ ወንበር እናነሣለን። ሁለተኛው የመሥራቾች ሸንጎ ነው። ሸንጎው ዘጠኝ መቀመጫ አለው፤ ማንም አይመርጠውም፣ ማንም አይሽረውም፣ አባልነቱ ዕድሜ ልክ ነው፣ የደከመው ሰው ደግሞ መቀመጫውን ለልጁ ያስተላልፋል። ጉባኤው የወሰነው ነገር ሁሉ ወደ ሸንጎው ይሄድና ይመረመራል። በሸንጎው ቋንቋ መመርመር ማለት እምቢ ማለት መሆኑን እኛ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብናል፤ አዲሶቹ ልጆች ግን በአንድ ስብሰባ ገባቸው።

አሁን የተፈጠረውን ልንገር። ባለፈው ወር እኛ የንባብ ክፍሉ ተማሪዎች የሆንን ስምንት ሴቶች፣ የሸንጎው አባላትም እንደ ሌላው ኃላፊ በየሦስት ዓመቱ ይመረጡ የሚል ሐሳብ በራሳችን እጅ ጽፈን ለጉባኤው አቀረብን። ጉባኤው በአንድ መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ ተቀበለው፤ ሦስት ሰዎች ተቃወሙ፣ ከሦስቱም ሁለቱ የእርስዎ የእህት ልጆች ናቸው፣ ቤተሰባዊ ፍቅር የሚያስመሰግን ነገር ስለሆነ አልቀየምኳቸውም። ሐሳቡ ወደ ሸንጎው ሄደና በአንድ ስብሰባ ሁለት መልስ ይዞ ተመለሰ። የመጀመሪያው መልስ «ሸንጎው የሸንጎውን መለወጥ መርምሮ አላስፈላጊ ሆኖ አግኝቶታል» ይላል። ሁለተኛው መልስ «የሸንጎው ክብር ቋሚ የስብሰባ ክፍል ስለሚጠይቅ፣ ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ለሸንጎው ብቻ ይከለላል፤ የንባብ ተማሪዎችም ዕቃቸውን ያውጡ» ይላል። እንግዲህ ማንበብ ባንማር ኖሮ ይህን ውሳኔ ማንበብ አንችልም ነበርና፣ ስለተማርነው ትምህርት ያመሰገንኩት ያን ጊዜ ነው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቅልጥፍናችሁ አመሰግናለሁ። በሁለቱም ቤቶች ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ፀሐፊያችን ኤርምያስ ሰዓቱን ይዞ እንደነገረኝ፣ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሁለት ቅዳሜ ተሟግቶ የወሰነውን ነገር ሸንጎአችሁ በአሥራ አንድ ደቂቃ ሽሮታል፤ ከዚያም ውስጥ አራቱ ደቂቃ የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ ለመቀየር የዋለ ነው። በዚህ አገር እንዲህ ቶሎ የሚስተናገድ ጉዳይ አይቼ አላውቅም፤ መንጃ ፈቃድ ለማደስ የሄድኩ ጊዜ እናንተን ናፍቄ ነበር።

ሁለተኛ፣ ለሟች ስላላችሁ አክብሮት አመሰግናለሁ። ከላይ ሸንጎው ከሞት በቀር መውጫ በር የለውም ብዬ ጽፌአለሁ፤ ተሳስቻለሁ፣ ሞትም መውጫ አይደለም። አቶ ሳህሉ ካረፉ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፤ እርስዎም ነበሩ፣ ንግግርም አድርገዋል፣ ረጅም ነበር። ይሁን እንጂ በሸንጎው መዝገብ አቶ ሳህሉ እስከ ዛሬ አልሞቱም። አንድ አባል ከመዝገብ የሚሰረዘው ዘጠኙም አባላት በተገኙበት ስብሰባ ነው ስለተባለ፣ አቶ ሳህሉ ደግሞ በአካል መገኘት ስላልቻሉ፣ መሰረዝ አልተቻለም። ልጅ ስላልነበራቸውም መቀመጫውን የሚረከብ የለም። ስለዚህ በየስብሰባው ስማቸው ይጠራል፣ ለአንድ አፍታ ይጠበቃል፣ ከዚያም እርስዎ «ዝምታቸው ተቃውሞ ነው፣ ይመዝገብ» ይላሉ። በሕይወት ሳሉ የሰው ሐሳብ ተቃውመው የማያውቁ፣ ሌላው ቀርቶ የቀዘቀዘ ወጥ ቢቀርብላቸው እንኳ ዝም ብለው የሚበሉ ገር ሰው ነበሩ፤ ካረፉ ወዲህ ግን ሰባት ውሳኔ ሽረዋል። ነፍሳቸውን ይማር፤ ዕረፍት ግን አላገኙም።

ሦስተኛ፣ ለወጣቱ ትውልድ ስለሰጣችሁት ቦታ አመሰግናለሁ። የብሩኪ አባት ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ሶፋውን ለጎረቤት፣ መቀመጫውን ደግሞ ለልጃቸው ትተው ሄዱ። ብሩኪ ሳን ሆዜ በኮምፒውተር ሥራ ላይ ያለ ጨዋ ልጅ ነው፤ ስብሰባችሁን የሚካፈለው በስልክ፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው። ስለ እኛ ጉዳይ በተደረገው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ «አቶ ብሩኪ ሐሳባቸውን በሰፊው አብራርተው ተቃውመዋል» የሚል ስላነበብኩ፣ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ምን አስቀይመንህ ነው ብዬ ጠየቅሁት። «እማማ መንበረ፣ አይ ስዌር፣ ሚዩት ላይ ነበርኩ! ሃይዌይ ላይ ነበርኩ! ስለ ምን እንደሆነ እንኳን አላውቅም» አለኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፕሊስ፣ ከሊስቱ አውጡኝ፤ ሁሌ ኮል እያደረጉ ያስጨንቁኛል፣ ዳዲን ደግሞ እፈራዋለሁ» ብሎ ለመነኝ። ድምፁን ሳያሰማ በሰፊው ማብራራት የቻለ ተናጋሪ ከሸንጎአችሁ በቀር የትም የለም።

አራተኛ፣ ስለ ትሕትናችሁ አመሰግናለሁ። ከዘጠኛችሁ አንዱ አርፈዋል፣ አንዱ ሃይዌይ ላይ ነው፣ ከቀራችሁት ሰባት ደግሞ ከአቶ ባስልኤል በስተቀር ደረጃ የሚወጣ የለም። በዚህ ምክንያት የላይኛው ሸንጎ አራት ዓመት ሙሉ የሚሰበሰበው ታች፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በፍሪጁና በሽንኩርቱ ጆንያ መካከል ነው። ያን የመሰለ ከፍተኛ ሥልጣን ሽንኩርት አጠገብ መቀመጡ ልቤን ይነካዋል። እኛ ግን አማካይ ዕድሜያችን ሰባ የሆነ ሴቶች አሥራ አራቱን ደረጃ በየቅዳሜው እንወጣለን። ሰባተኛው ደረጃ ላይ ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ ስላለ፣ እዚያ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠናል፤ በተራ ተቀምጠን ትንፋሽ እንሰበስባለን፣ ስለ ጉልበታችን እንሳደባለን፣ ከዚያ እንቀጥላለን። እናንተ ልትወጡት የማትችሉትን ክፍል እኛ እንዳንወጣው መከልከላችሁ ለእኛ ጉልበት ከመራራት የመጣ ነው ብዬ ለማመን ሁለት ቀን ሞክሬአለሁ፤ አልተሳካልኝም።

አምስተኛ ብዬ ጽፌ ብዙ ቆየሁ። አምስተኛው እንደ ሌሎቹ የሚሳቅበት ስላልሆነ ቁጥሩን ትቼ እንደሆነው ልንገርዎ።

ዕቃችሁን አውጡ ስትሉን ታዘዝን። ሰሌዳውን አወረድን፣ የፊደል ገበታውን ከግድግዳው ላይ ነቀልን፣ መነጽር የምንረሳበትን ሣጥን ይዘን ወጣን። ጥግ ላይ ያለውን የብረት ቁም ሣጥን ልንገፋው ስንል ተከፈተና በነጠላ የተጠቀለለው ደንባችን ወደቀ። ያን ጥቅል ሁላችንም እናውቀዋለን። በየዓመቱ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እርስዎ በክብር ይዘውት ይመጣሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል፣ እጅዎን ይጭኑበታል፣ «ደንባችን ይህ ነው» ይላሉ፣ እኛም እንነሣለን፤ ከዚያ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ከአክብሮት የተነሣ ቋጠሮውን የፈታው ሰው የለም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ለደንቡ ተነሥተን ቆመንለታል፤ ቁጭ ብሎ ያነበበው ግን አልነበረም።

እኛም መልሰን ልናስቀምጠው ነበር። እትዬ ወርቅዬ ግን «እስቲ ፍቱት፤ ሬሳ ነው እንዴ?» አሉ። እትዬ ወርቅዬ ከሳን ፓብሎ በሁለት አውቶቡስ የሚመጡት፣ ሰባ ሰባት ዓመታቸው የሆነ፣ ከሁላችንም ዘግይተው ትምህርት የጀመሩት ናቸው። ወንጌላዊት «ኧረ ጉድ ይፈላል!» እያለች እጇን ስታወራጭ እኔ ፈታሁት። ውስጡ አሥራ ሁለት ገጽ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ የብዙ ሰው ፊርማ፣ ከፊርማዎቹም በታች በሐምራዊ ቀለም የታተሙ አሥራ አንድ የአውራ ጣት አሻራዎች ነበሩ። አራተኛው የእኔ ነው። የታተመበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና እጄን ይዞ ቀለሙ ላይ ጫነልኝና «በቃ፣ አባል ሆነሻል» አለኝ። ሰው ሲሞትብኝ ብቻዬን እንዳልቀር የፈረምኩ መስሎኝ ነበር። ለካስ ሌላም ነገር ላይ አትሜ ኖሯል።

አንቀጽ ዘጠኝን ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ እንዲህም ይላል፦

«በአሁኑ ጊዜ አሥራ አንድ አባላት ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ፣ ዘጠኝ መሥራቾች በጊዜያዊነት ሸንጎ ሆነው የጉባኤውን ውሳኔ በእነርሱ ስም ይመርምሩ። እነዚህን አባላት ፊደል ማስተማር የሸንጎው ግዴታ ነው። በአሻራ ከፈረሙት መካከል በሕይወት ያለው የመጨረሻው አባል ይህን አንቀጽ በፀሐፊው ፊት ራሱ አንብቦ በእጅ ጽሑፉ በፈረመ ዕለት ሸንጎው ይፈርሳል፤ መቀመጫዎቹም በምርጫ ይሞላሉ።»

ክቡር ሆይ፣ አንቀጹን ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት፤ አዲስ አንባቢ ዓይኑን ቶሎ አያምንም። እንግዲህ እናንተ ከእኛ በላይ የተቀመጣችሁት ማንበብ ስለማንችል ብቻ ነበር። ሥራችሁም አንድ ነበር፤ እኛን አስተምሮ ከሥራ መውጣት። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን፣ አንዲት ፊደል፣ አንዲት «ሀ» አላስተማራችሁንም። ያስተማረችን ከመጣች አራት ዓመት ያልሞላት ወንጌላዊት ናት፣ ሆስፒታል ሥራዋን ጨርሳ፣ እግሯ እያበጠ፣ ያለ ምንም ግዴታ። እናንተ ግን በአሻራችን ላይ ተቀምጣችሁ የአቶ ሳህሉን ዝምታ ትቆጥራላችሁ።

ክፍሉን የዘጋችሁት ይህን አውቃችሁ ነው ብለው አንዳንድ ሰዎች ያሟችኋል። እኔ አጥብቄ ተከራክሬላችኋለሁ። ይህን ለማወቅ ማንበብ ያስፈልግ ነበር፤ ስለዚህ ንጹሐን ናችሁ ብያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ያለ ምጸት ልበል። የእጅ ጽሑፉ የእርስዎ ነው። በየሠርጉ ፖስታ ላይ ስላየሁት አውቀዋለሁ። ያን አንቀጽ ሲጽፉ አርባ ዓመትዎ ነበር፤ ወንበርዎን ገና ሳይቀመጡበት የሚለቁበትን ቀን የጻፉ ሰው ነበሩ። ያን የአርባ ዓመት ሰው ባውቀው ኖሮ አሻራዬን ሳይሆን ሁለት እጄን ባተምኩለት ነበር። የት እንዳለ ካወቁ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አሁን ያለንበት ሁኔታ ይህን ይመስላል። ከአሥራ አንዱ ባለ አሻራዎች አምስቱ አርፈዋል፤ የእኛ ሙታን ድምፅ አይሰጡም። አምስታችን ባለፈው ቅዳሜ በኤርምያስ ፊት አንቀጹን አንብበን በእጃችን ፈርመናል። የቀሩት እትዬ ወርቅዬ ብቻ ናቸው። ክፍሉ እስኪዘጋ ሁለት ቅዳሜ ቀርቷል።

እትዬ ወርቅዬ ለዓመታት ምግብ ቤት ውስጥ ድስት ሲያጥቡ የኖሩ ስለሆነ ጣቶቻቸው እርሳስ በደንብ አይጨብጡም፣ አንደኛው ዓይናቸውም በቅርቡ ነው የተሠራው። ፊደሉን ለይተዋል፤ ማያያዙ ነው የሚያዘገያቸው። እስካሁን የአንቀጹ ሁለተኛ መስመር ላይ ደርሰዋል። ኤርምያስ ወጣት ነውና ቸኩሎ «እማማ ወርቅዬ፣ እኔ አነብልዎታለሁ፣ እርስዎ ይፈርሙ ብቻ፤ ኢዚ ነው» አላቸው። «ልጄ፣ የዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመትም ያሉኝ ይህንኑ ነው፤ ሁለተኛ ባላነበብኩት ነገር ላይ እጄን አላሳርፍም» አሉት። መሠረት የምትባለው ጓደኛችን ደግሞ «በቃልዎ ይያዙትና የሚያነቡ ይምሰሉ፣ ማን ያውቃል?» አለቻቸው። «እዚህ የመጣሁት ፊደል ልማር ነው እንጂ ድራማ ልሠራ ነው?» ብለው ተቆጧት፤ መሠረት እስከ ዛሬ አጠገባቸው አትቀመጥም።

ይህን ሁሉ አስቀድሜ ስለነገርኩዎ ጎረቤቶቼ ሞኝ ብለውኛል። ዝም ብለሽ ሁለቱን ቅዳሜ አሳልፊ፣ ከዚያ በር ላይ ለጥፊላቸው አሉኝ። እኔ ግን ሰው ሳያነብ ጉዳዩ ሲወሰንበት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፤ ለእርስዎም ቢሆን አልመኘውም። ስለዚህ የምለምነው ነገር ትንሽ ነው። ሁለቱን ቅዳሜ ክፍሉን አይዝጉብን። ሌላ ቦታማ ሞልቷል ይሉን ይሆናል፤ ነገር ግን ቅዳሜ ጠዋት ታች አዳራሹ ውስጥ የልጆች ጭፈራ ልምምድ አለ፣ እትዬ ወርቅዬም አንድ ፊደል ሲያነቡ ከበሮው ሦስት ይወስድባቸዋል። ክፍሉን መስጠት የማይቻል ከሆነ ደግሞ፣ በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ሸንጎው በሙሉ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ያስተምረን። ብሩኪ በስልክ ቢሆንም ግድ የለም። አቶ ሳህሉን ግን እባካችሁ አታስቸግሯቸው።

የጉልበትዎን መሻል እየተመኘሁ፣ ቋጠሮውንም እንደነበረ አስሬ ለፀሐፊያችን ለኤርምያስ ማስረከቤን እያረጋገጥሁ፣ ወንበርዎንም ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ እንደ ወትሮው ከፊት አድርጌ ለመደርደር ዝግጁ መሆኔን እየገለጽሁ፣

በአሻራዋ ስትወከል የኖረች፣ ከእንግዲህ ግን በጽሑፏ የምትናገር አክባሪዎ፣
መንበረ ማንደፍሮ
ኦክላንድ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ በሩ ላይ ከተለጠፈ በኋላ የሆነውን ከሥሩ እንድጽፍ የንባብ ክፍሉ አዞኛል።

መልስዎ በጽሑፍ ሳይሆን በቁልፍ መጣ፤ የሚዘጋበት ቀን ሳይደርስ ክፍሉ ተቆለፈ። በመጀመሪያው ቅዳሜ በሩን አይተን ወደ ቤታችን ተመለስን፤ እትዬ ወርቅዬም አንቀጹ የተገለበጠበትን ወረቀታቸውን ይዘው ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሲያነቡ ሄዱ። በሁለተኛው ቅዳሜ ግን አልተመለስንም። ደረጃው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፣ እትዬ ወርቅዬን ሰባተኛው ደረጃ ላይ በፕላስቲኩ ወንበር አስቀመጥናቸው፣ ኤርምያስም መዝገቡንና የደንቡን ጥቅል ይዞ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠ። ሸንጎው ታች ወጥ ቤት ውስጥ ስብሰባ ላይ ነበር። የልጆቹን ከበሮ ያስቆመው ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም፤ እንጃ፣ ልጆቹ ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ንባቡ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። «ግዴታ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ጣታቸው ቃሉ ላይ ሆኖ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ያን ጊዜ የወጥ ቤቱ በር ላይ ክቡርነትዎ ቆመው አየን። አፍዎን ሲከፍቱ ወንጌላዊት «ጋሼ፣ እንዳይነግሯቸው!» ብላ ጮኸች። እርስዎም እጅዎን አፍዎ ላይ ጫኑ። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ የአንድ አባልን ንግግር ሳያቋርጡ ሲጠብቁ ያየሁዎት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ለካስ ያን ያህል አያስቸግርም ኖሯል። እትዬ ወርቅዬ «ግ... ዴ... ታ» አሉ፣ ደገሙት፣ ከዚያም ቀና ብለው «የማን ግዴታ?» ብለው ጠየቁና መልሰው ራሳቸው አነበቡት፤ «የሸንጎው!» ሲሉ ደረጃው በሙሉ ሳቀ። እርስዎም ስቀዋል፤ አይተንዎታል፣ አይካዱ።

ሲጨርሱ ሁላችንም የያዝነው እርሳስ ሆነና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ጠፋ። ደረጃ መውጣት የሚችሉት አቶ ባስልኤል ከወጥ ቤት የሸንጎውን እስክሪብቶ ይዘው መጥተው ሰጧቸው። እትዬ ወርቅዬም ከሐምራዊው አሻራቸው አጠገብ ስማቸውን ጻፉ፤ መስመሩን አልጠበቀም፣ ግማሹ የእኔ አሻራ ላይ ወጥቷል፣ ፈቅጃለሁ።

በዚህም መሠረት፣ በደብዳቤው አናት ላይ ያለውን አድራሻ እንደገና ከማስገልበጥ ብዬ፣ «ሸንጎ» የሚለውን ሁሉ «የቀድሞ ሸንጎ» እያላችሁ እንድታነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ምርጫው በሚቀጥለው ወር ነው፤ እርስዎም ቢወዳደሩ የእኔ ድምፅ አለዎት፣ ያ የአርባ ዓመቱ ሰውዬ አብሮዎት ከመጣ። ብሩኪ ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ ከሃይዌይ ላይ ደውሎ እልል ብሏል። የአቶ ሳህሉ ስም በጉባኤው ለመጨረሻ ጊዜ ተጠርቶ ነፍስ ይማር ተብሎ ተሰርዟል፤ ዝምታቸውንም እንደ ስምምነት ቆጥረነዋል።

የፎቁ ክፍል ተከፍቷል። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ የደንብ ንባብ ስለጀመርን የቀድሞው ሸንጎ አባላት መመዝገብ ትችላላችሁ፤ ደረጃ ለማይወጡት እትዬ ወርቅዬ ራሳቸው ወጥ ቤት ወርደው ያስተምራሉ። እርሳስ ይዛችሁ ኑ፤ የጣት ቀለም አናቀርብም።